የሒጃዝ ጉዞ ከየት ይጀመር? ስለ መነሻ ከተማና ስለ መንገድ አመራረጥ

በውጭ አገር የሚኖር ተማሪ የዕረፍት ቀን ባገኘ ቁጥር በዙሪያው ያለውን አገር ለማየት መነሣቱ የተለመደ ነው፤ ደግሞም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የምንከራከረው ምን እንይ በሚለው ላይ እንጂ ከየት እንነሣ፥ በምንስ ተራ እንሂድ በሚለው ላይ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ በጅዳና በመካ ለሚማሩ፥ እንዲሁም ከሌላ አገር ለጉብኝት ለሚመጡ እኅቶችና ወንድሞች ማብራራት ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ከጅዳው ሩዋይስ ሰፈር ተነሥቶ ጣይፍንና መካን የሚያካትት የሦስት ቀን ጉዞ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። የመነሻ ከተማ ምርጫ የገንዘብና የሰዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማን አብሮ እንደሚሄድና ማን ከመንገድ እንደሚቀር የሚወስነውም እርሱ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም ተማሪዎች በአንድነት በሚጓዙበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በታች እናያለን።

ሀ/ ጠባቡን በር አስቀድሞ ማወቅ

ማንኛውም የጉዞ ዕቅድ አንድ ጠባብ በር አለው። ይኸውም እንደ ፈቀዱ ሊያልፉት የማይቻል፥ ሰዓት ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ ቦታ ማለት ነው። ይህ ከታወቀ ሌላው በቀላሉ ይስተካከላል።

ለማነጻጸር ያህል በአውሮፓ የሚማሩ ወገኖቻችን ወደ ደቡብ ስፔን ሲጓዙ የሚገጥማቸውን እንመልከት። ማላጋ በአውሮፕላን የሚያርፍ ሰው ግራናዳን፥ ኮርዶባንና ሴቪያን ዞሮ ወደ ማላጋ ይመለሳል። ከማድሪድ የሚነሣ ግን በ1992 በተከፈተው ፈጣን ባቡር በመጀመሪያ ኮርዶባ ይደርሳል፤ ከዚያም ሴቪያንና ግራናዳን አይቶ ከማላጋ ቢሳፈር አንዱንም መንገድ ሁለት ጊዜ አይሄድበትም። ሁለቱም መንገዶች ጥሩ ናቸው። ቀኑን የሚወስነው ግን ግራናዳ የሚገኘው የአልሐምብራ ቤተ መንግሥት ነው። የመግቢያ ትኬቱ በቀንና በሰዓት የተወሰነ ነው፤ አስቀድሞም ያልቃል። ስለዚህ አስተዋይ ተጓዥ በመጀመሪያ የአልሐምብራን ቀን ይይዛል፤ መነሻውንና ተራውን የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የሒጃዝ ጠባብ በር ደግሞ መካ ናት። እንደሚታወቀው ሁሉ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ መካ መግባት አይፈቀድለትም። በመዲናም እንዲሁ በነቢዩ መስጊድ ዙሪያ ያለው የሐረም ክልል የተከለከለ ነው። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በአትሮንስ ላይ የተዘረጋ ቁርኣን የሚመስል ትልቅ በር ቆሟል። በሹመይሲ በኩል የፍተሻ ኬላ አለ፤ ሙስሊም ላልሆኑ መንገደኞች የተመለከተው መንገድም መካ ሳይደረስ ተገንጥሎ ከተማይቱን ዞሮ ወደ ጣይፍ ያመራል። እንግዲህ አንድ የተማሪዎች ቡድን የሚለያይበት ቦታ ይህ ነው። ጥያቄው ይህ መለያየት በጉዞው መጀመሪያ ይሁን፥ በመካከሉ ወይስ በመጨረሻው የሚል ነው።

ለ/ ሦስቱ መነሻዎች ሲመዘኑ

፩ኛ/ ከመካ መጀመር። ከሁሉ በፊት ዑምራ ለማድረግ የሚሹ ሙስሊም ጓደኞቻችን ይህን ይመርጣሉ፤ ምክንያታቸውም የሚከበር ነው። ነገር ግን ጉዞው ገና ሲጀመር ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ሙስሊም ያልሆኑት ሌሎቹ ዑምራቸውን እስኪፈጽሙ ድረስ ጅዳ ላይ ወይም ጣይፍ ላይ ሰዓታት ይጠብቃሉ። የሚጠበቁትም ቢሆኑ ሰው ይጠብቀናል በማለት ጸሎታቸውን ያጣድፋሉ። ሁለቱም ወገን አይደሰትም።

፪ኛ/ ከመዲና መጀመር። መዲና ከጅዳ ወደ ሰሜን ከ400 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ናት። በ2018 ሥራ የጀመረውና በስፔን ኩባንያዎች ተሳትፎ የተሠራው የሐረማይን ፈጣን ባቡር መካን፥ ጅዳንና መዲናን በ450 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያገናኛል። ባቡሩ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ርቀቱ ብዙ አያስፈራም። ሆኖም መዲና በሦስት ቀን ጉዞ ውስጥ ከገባች ሁለተኛ መለያያ ትጨምራለች፤ የጣይፍንም ጊዜ ትወስዳለች። ስለዚህ መዲና ለብቻዋ ሌላ ዕረፍት ቢያዝላት ይሻላል። ረዘም ያለ ጊዜ ያለው ቡድን ከመዲና በስተሰሜን አልኡላ አጠገብ የሚገኘውን ሒጅርን ሊጨምር ይችላል። ይህ በዐለት የተፈለፈለ የናባጣውያን ከተማ በ2008 ከሳዑዲ ዐረቢያ ቦታዎች ሁሉ ቀድሞ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፥ ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ነው።

፫ኛ/ ከጅዳ መጀመር። የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ጅዳ ለሁሉም ክፍት ናት። አውሮፕላን ማረፊያውም፥ የባሕር ወደቡም፥ በሱለይማንያ ያለው የባቡር ጣቢያም የሚገኙት እዚሁ ነው። ሩዋይስ ደግሞ ቀድሞ ከጅዳ ግንብ ውጭ በስተሰሜን የነበረ የዓሣ አጥማጆች መንደር ሲሆን፥ ዛሬ በከተማው መካከል ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ አሮጌው ከተማ በለድ ለመድረስ ረጅም መንገድ አያስፈልግም።

የመነሻ ምርጫ ጥያቄ በዚህ ጠረፍ አዲስ አይደለም። ጥንት የመካ ወደብ ከጅዳ በስተደቡብ ያለችው ሹዐይባ ነበረች። በ615 ገደማ በመካ ስደት የደረሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከዚያ ጠረፍ ተሳፍረው ወደ አክሱም ንጉሥ ግዛት እንደተሻገሩ የእስልምና ታሪክ ይናገራል። ክርስቲያኑ ንጉሥም አስጠግቷቸው በሰላም ኖሩ። በ647 ገደማ ግን ከሊፋው ዑስማን ጅዳን የመካ ወደብ አደረጓት። ከዚያ ወዲህ ከባሕር የመጣ ሁሉ ጉዞውን የሚጀምረው ከጅዳ ነው። እኛም ከዚህ ብንነሣ ከ1300 ዓመት በላይ የቆየ ልማድ ተከተልን ማለት ነው።

ሐ/ የመንገዱ ተራ

በሳዑዲ ዐረቢያ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ ዕቅዱ ከሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል።

ሐሙስ፦ ሁሉም ሩዋይስ ይሰበሰባል። ፀሐይ ስትበርድ ወደ በለድ መሄድ ነው። በለድ በ2014 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው «የመካ በር» የሚባለው አሮጌ ጅዳ ነው። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ተሠርተው በእንጨት ጥልፍ ሰገነት ያጌጡ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራው የነሲፍ ቤትና ባብ መካ የተባለው በር ሳይታዩ አይታለፉ። ግንቡ ራሱ በ1947 ፈርሷል። ወደ ሩዋይስ ሲመለሱ ከ260 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ የሚተፋውን የንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ ከባሕሩ ዳር ማየት ይቻላል።

ዓርብ፦ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጣይፍ መነሣት። ርቀቱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁሉም በአንድ መኪና መካን በሚዞረው መንገድ ይሄዳል። ማልዶ መነሣት የሚያስፈልገው ሙቀቱን ለመሸሽና ሙስሊም ጓደኞች ለጁምዓ ሶላት እንዲደርሱ ነው። ከሜዳው የሀዳ ተራራ ሲጀመር መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ ደጋው ላይ ሲደረስ አየሩ ይለወጣል። ጣይፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ1700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከጅዳ ሙቀት ለመጣ ሰው አገሩ የገባ ያህል ይሰማዋል። በመንገዱ ዳር የሚያጋጥመው ጠጉራም ዝንጀሮ በእኛ ቆላ የሚገኘው ዘር ነው፤ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ይኖራል። በበጋ በለስ በየመንገዱ ይሸጣል። የታወቀው የጣይፍ ጽጌረዳ የሚለቀመው ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ማታ ጣይፍ ይታደራል።

ቅዳሜ፦ ጠዋት የሸፋን ደጋና የጥድ ዛፎቹን አብሮ ማየት፤ ምሳም አብሮ መብላት። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይለያያል። ሙስሊሞቹ ወደ መካ ይወርዳሉ፤ ዑምራቸውን ያለ ችኮላ ፈጽመው በባቡር ጅዳ ይገባሉ። ከመካ እስከ ሱለይማንያ ጣቢያ ባቡሩ አንድ ሰዓት አይፈጅም። የቀሩት በመጡበት መንገድ ወደ ሩዋይስ ይመለሳሉ። በዚህ ተራ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ሁሉም የጉዞውን አብዛኛውን ክፍል አብሮ ያሳልፋል።

በመካ በኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ጓደኞች «እኛ መካ ተቀምጠን ለምን ወደ ኋላ 80 ኪሎ ሜትር ጅዳ እንወርዳለን?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። በዚህ ተራ የእነርሱ ጉዞ የሚያልቀው መካ ስለሆነ የመመለሻ መንገድ የለባቸውም። ሲመጡ የከፈሉትን ሲመለሱ ያገኙታል።

መ/ ስለ ሚቃት

የመንገድ ተራ ለሙስሊም ተጓዥ ሃይማኖታዊ ትርጉምም አለው። ዑምራ የሚያደርግ ሰው ኢሕራም የሚገባበት ቦታ ሚቃት ይባላል፤ እርሱም እንደሚመጣበት አቅጣጫ ይለያያል። ጅዳ የሚኖር ሰው ከጅዳ በቀጥታ ወደ መካ የሚሄድ ከሆነ ከቤቱ ኢሕራም ይገባል። ከጣይፍ የሚወርድ ግን በሰይል አልከቢር መንገድ ከሆነ በቀርን አልመናዚል፥ በሀዳ መንገድ ከሆነ በዋዲ ማሕረም ኢሕራም መግባት አለበት። ከመዲና የሚመጣው ደግሞ ከመካ እጅግ በሚርቀው በዙልሑለይፋ ነው።

ስለዚህ እኛ ባቀረብነው ተራ ወንዶቹ ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ሐሙስ ዕለት ከሩዋይስ ሲነሡ በሻንጣቸው መያዝ ይገባቸዋል። ጅዳ ረስቶት የሄደ ሰው ጣይፍ ላይ ፍለጋ ይዞራል። ስለ ዝርዝሩ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ መልካም ነው።

ሠ/ ስለ ወረቀትና ስለ ወቅት

በዚህ ጉዞ ኬላ የሌለበት መንገድ የለም። ነዋሪ የሆነ ኢቃማውን፥ ጎብኚ የሆነ ፓስፖርቱንና ቪዛውን በኪሱ ይያዝ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደርጓል። ሹመይሲ የሚለው ስም ለብዙ ወገኖቻችን የሚያስታውሳቸው የጉብኝት መንገድን ሳይሆን የወረቀት አልባ ሰዎች ማቆያን ነው። ስለሆነም የአንዱ ኢቃማ ጊዜ ካለፈ ጉዞውን ማዘግየት እንጂ «ምን ይመጣል» ብሎ መነሣት አይገባም። የአንድ ሰው ችግር ኬላው ላይ የመላው ቡድን ችግር ይሆናል።

ለዑምራ ኑሱክ በሚባለው የስልክ አገልግሎት ፈቃድና ቀን አስቀድሞ ይያዛል። እንደ አልሐምብራው ትኬት ይህን ቀን ሳይዙ መኪና መከራየት ዕዳ ነው። በሐጅ ወቅት ያለ ፈቃድ መካ መግባት ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። በረመዳን ደግሞ መንገዱም ማደሪያውም ይጨናነቃል። ከኖቬምበር እስከ ማርች ያለው ጊዜ ለጅዳ ተስማሚ ነው። ሆኖም ዝናብ የሚጥለው በዚሁ ወቅት ነው፤ በኖቬምበር 2009 በጅዳ ከመቶ በላይ ሰዎች በጎርፍ ሞተዋል። የሀዳ መንገድም ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። ስለዚህ የአየሩን ሁኔታ ሳይጠይቁ ዓርብ ጠዋት አይነሡ።

ከሌላ አገር ለሚመጡ ደግሞ፦ ሳዑዲ ዐረቢያ በ2019 የቱሪስት ቪዛ መስጠት ጀምራለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ቪዛውን በቀላሉ ማግኘቱ በሚኖርበት አገር ባለው የመኖሪያ ወረቀት ወይም ቪዛ ሊወሰን ይችላል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ይጣራ።

ረ/ ማጠቃለያ

በአጭሩ፥ መነሻችሁን ከመምረጣችሁ በፊት ጠባቡ በር የት እንዳለ ጠይቁ። ያንን በር በጉዞው መጨረሻ ላይ አድርጉት። መነሻውን ደግሞ ሁሉም በእኩልነት ሊገባበት ከሚችል ከተማ አድርጉ። በሒጃዝ ይህ ከተማ ጅዳ ነው። በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው ከዚህ ጠረፍ የተነሡ ሰዎችን አገራችን ሃይማኖታቸውን ሳትለይ ተቀብላለች። የእነዚያ ልጆች የሆንን ተማሪዎች በዚህ ጠረፍ ስንጓዝ አንዱ ከመንገድ እንዳይቀር ዕቅዳችንን በጥንቃቄ ማውጣት ትንሹ ግዴታችን ነው። መልካም ጉዞ!