የሽጉጥ ጥይት የሚጠቀም ካርባይን፦ ባሕርያቱ፣ አያያዙና ሲገመገም ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

ካርባይን ከመደበኛ ጠብመንጃ አጠር ብሎ የተሠራ፣ ሰደፍ ያለውና በትከሻ ተደግፎ የሚተኮስ የጦር መሣሪያ ነው። ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ በተለይ ለሽጉጥ የተዘጋጀ ጥይት የሚጎርሰው ዓይነት በልዩ ልዩ አገሮች በፖሊስ፣ በጥበቃ ሠራተኞችና በዒላማ ተኩስ ስፖርተኞች እጅ ይገኛል። ጥይቱ ትንሽ፣ አያያዙም ምቹ በመሆኑ መሣሪያው «ቀላል» ተደርጎ ሊታሰብ ይችላል። ይሁን እንጂ የአያያዝ ምቾት የአደጋ ማነስን አያመለክትም፤ ለማንኛውም ግዳጅ በቂ መሆንንም አያረጋግጥም። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያውን አሠራር፣ ጥቅምና ወሰን እንዲሁም ሲገመገም ሊጤኑ የሚገባቸውን ነጥቦች ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የሐሳቡ አመጣጥ

ለሽጉጥና ለጠብመንጃ አንድ ዓይነት ጥይት የመጠቀም ሐሳብ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የዊንቸስተር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያወጣው ጠብመንጃ የሚጎርሰውን ጥይት፣ የኮልት ኩባንያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለራሱ ሽጉጥ ተቀብሎታል። በዚህም ሁለቱን መሣሪያዎች የያዘ ሰው አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ መታጠቅ በቂው ሆነ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር የነደፈው የ9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይት ደግሞ በዓለም እጅግ ከተስፋፉት የሽጉጥ ጥይቶች አንዱ ሆነ። ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ለጦር ግንባር ያቀረበችው ኤምፒ 18 የተባለው አውቶማቲክ መሣሪያም ይህንኑ ጥይት ይጠቀም ነበር። ዛሬ በተለምዶ የሽጉጥ ጥይት ካርባይን የሚባለው ግን አንድ ጊዜ ምላጭ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩሰው ከፊል አውቶማቲክ ዓይነት ነው።

የረጅሙ አፈሙዝና የሰደፉ ጥቅም

ለማብራሪያ ያህል እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ የቀረበውን ሩገር ፒሲ ካርባይን እንመልከት። የዚህ መሣሪያ አፈሙዝ 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በስፋት የሚታወቀው ግሎክ 17 ሽጉጥ አፈሙዝ ግን ከ11 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አፈሙዙ ሲረዝም የባሩዱ ጋዝ ጥይቱን የሚገፋበት ጊዜ ስለሚጨምር ፍጥነቱም ያድጋል። 7.5 ግራም ገደማ የሚመዝን የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ከሽጉጥ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 350 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከካርባይን ሲወጣ ወደ 400 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

ይህ ጭማሪ በጉልበት ሲሰላ ከ450 ጁል አካባቢ ወደ 600 ጁል አካባቢ ማደግ ማለት ነው። በአገራችን በስፋት የሚታወቀው የክላሽንኮቭ ጥይት ጉልበት ግን 2,000 ጁል ያህል ነው። ስለሆነም ረጅም አፈሙዝ የተገጠመለት የሽጉጥ ጥይት ጉልበቱ ከክላሽ ጥይት ሲሶ አይበልጥም። ካርባይን የሽጉጥን ጥይት ያጠናክረዋል እንጂ ወደ ጠብመንጃ ጥይት አይለውጠውም።

ዋናው ጥቅም የሚገኘው ከፍጥነቱ ይልቅ ከአያያዙ ነው። ሽጉጥ የሚያዘው በእጅ ብቻ ሲሆን፣ ካርባይን በሁለቱ እጆች፣ በትከሻና በጉንጭ ይደገፋል። የማነጣጠሪያው ርዝመት መጨመርም፣ ወይም ባለ ነጠብጣብ ብርሃን ማነጣጠሪያ መገጠሙ፣ ስሕተትን ይቀንሳል። መካከለኛ ሥልጠና ያለው ሰው በሽጉጥ በ25 ሜትር ላይ የሚቸገርበትን ዒላማ በካርባይን በተሻለ እርጋታ ሊመታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአያያዝ ረገድ የሚታዩ ባሕርያት

በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርመው ክብደቱ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ካርባይን 3.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም ጥይት ካልጎረሰና ካዝናው ካልተገጠመ ኤኬኤም ክላሽ ጋር ተቀራራቢ ነው። ምክንያቱ የአሠራሩ ዘዴ ነው። አብዛኞቹ የሽጉጥ ጥይት ካርባይኖች ጥይቱ በሚተኮስበት ቅጽበት ቦልቱን በጥርስ የሚቆልፍ ሥርዓት የላቸውም። ቀለሁን በቦታው የሚያቆየው የቦልቱ ክብደትና የምንጩ ግፊት ብቻ ነው። ይህ አሠራር ክፍሎቹ ጥቂት፣ ጽዳቱም ቀላል እንዲሆን ያደርጋል። በሌላ በኩል ከባዱ ብረት ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲመላለስ የሚፈጥረው ምት ከጥይቱ ማነስ አንጻር ከሚጠበቀው በላይ ሊሰማ ይችላል።

ይህን ለማለዘብ አምራቾች ልዩ ልዩ መንገድ ይከተላሉ። ሩገር በቦልቱ ውስጥ ከተንግስተን የተሠራ ተንቀሳቃሽ ክብደት አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣው የጀርመኑ ኤምፒ 5 ደግሞ የቦልቱን መከፈት በተንከባላይ ብረቶች ያዘገየዋል፤ በተኩስ ጊዜ በመረጋጋቱ የሚታወቀውም በዚህ ነው።

ሁለተኛው ባሕርይ የማነጣጠሪያው ከፍታ ነው። ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በጣም ቅርብ በሆነ ርቀት ጥይቱ ከታለመው ነጥብ ዝቅ ብሎ ያርፋል። በሌላ ጫፍ፣ በ50 ሜትር የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ይዞ በ100 ሜትር የሚተኩስ ሰውም ጥይቱ ዝቅ ብሎ ያገኘዋል። ተጠቃሚው ይህን በተኩስ ልምምድ ካላወቀ ስሕተቱን በግዳጅ ላይ ይማረዋል።

ሦስተኛው የካዝናው ጉዳይ ነው። ካርባይኑና የመታጠቂያው ሽጉጥ አንድ ዓይነት ካዝና የሚጋሩ ከሆነ አቅርቦትና ሥልጠና ይቀልላሉ። ሩገር ፒሲ ካርባይን የራሱን ኩባንያ ወይም የግሎክን ካዝና እንዲቀበል የሚያስችል ተለዋዋጭ ክፍል አለው። የካዝና መልቀቂያውና የማቀባበያ እጀታው ወደ ግራ ሊዞሩ መቻላቸውም ለግራኝ ተጠቃሚ ጠቃሚ ነው።

የአቅም ወሰኑ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 በሎስ አንጀለስ ከተማ ሰሜን ሆሊዉድ ጥይት የማይበሳው ልብስ የለበሱና አውቶማቲክ ጠብመንጃ የያዙ ሁለት የባንክ ዘራፊዎች ከፖሊስ ጋር ለ44 ደቂቃ ያህል ተታኮሱ። በመጀመሪያ የደረሱት ፖሊሶች የያዙት በዋናነት ሽጉጥና ሾትጋን ስለነበር ጥይቶቻቸው የዘራፊዎቹን መከላከያ ሊበሱ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የከተማዋ ፖሊስ ለተዘዋዋሪ አባላቱ የጠብመንጃ ጥይት የሚተኩሱ መሣሪያዎችን ማስታጠቅ ጀመረ። የድርጊቱ ትምህርት ግልጽ ነው፤ በእጅ የሚመች መሣሪያ ጥይቱ ከማይችለው በላይ ሊሠራ አይችልም።

ይህ ማለት ግን የሽጉጥ ጥይት ለሰላማዊ ሰው አያሰጋም ማለት አይደለም። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ቆርቆሮንና የእንጨት መከፋፈያን በቀላሉ አልፎ በማዶ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል። ዒላማውን ስቶ ወደ ላይ የሄደ ጥይትም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊያርፍ ይችላል። በሠርግ፣ በለቅሶ ወይም በበዓል ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት የሚወድቅበትን ቦታ ተኳሹ አይመርጥም።

ሲገመገም ሊጤኑ የሚገባቸው ነጥቦች

ተቋማት ይህን መሰል መሣሪያ ሲገመግሙ ከዋጋውና ከመልኩ በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ሊያዩ ይገባል፦

1. ግዳጁ፦ መሣሪያው የሚያስፈልገው ለምን ዓይነት ሥራ፣ በምን ያህል ርቀትና ምን ዓይነት አደጋን ለመከላከል እንደሆነ፤
2. አስተማማኝነት፦ ለግዳጅ በሚታደለው በራሱ ጥይት በርካታ መቶዎች ተተኩሰው ያለመጨናነቅ መሥራቱ፤
3. ደኅንነት፦ ጥይት መጉርሱ በዓይንም በጣትም በቀላሉ የሚረጋገጥ መሆኑ፣ መቆለፊያውም ያለ ግርግር የሚደረስበት መሆኑ፤
4. ለተጠቃሚው ልክ መሆኑ፦ የሰደፉ ርዝመት ለረጅምም ለአጭርም፣ ለሴትም ለወንድም ሊስተካከል መቻሉ፤
5. ጥገናና ሥልጠና፦ መለዋወጫውና አሠልጣኙ መኖራቸው፣ የልምምድ ጥይትም በበጀት መያዙ።

ስለ ሕግ ማወቅ የሚገባ

በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ መሠረት አፈሙዙ ከ16 ኢንች፣ ማለትም ከ40.6 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ጠብመንጃ በልዩ ምዝገባ ሥር ይወድቃል። ለሲቪል ገበያ የሚቀርቡ ብዙዎቹ ካርባይኖች ከዚህ ልክ ጥቂት ብቻ የሚበልጡት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ያለ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ ገዝተው ሊሆን ይችላል። ይሁንና በአንድ አገር የተገኘ ፈቃድ በሌላ አገር አያገለግልም። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና ወደ አገር ማስገባትን ይከለክላል። መሣሪያው ተፈታትቶ በትንሽ ሻንጣ ውስጥ መግባቱ፣ ወይም ጥይቱ «የሽጉጥ» መባሉ ይህን አይለውጠውም።

በሕጋዊ ፈቃድ የጦር መሣሪያ የያዘ ማንኛውም ሰው መሣሪያውን ጥይት ሳይጎርስ፣ ተቆልፎና ከልጆች እጅ ርቆ እንዲቀመጥ የማድረግ ኃላፊነት አለበት። ጥይቱም ለብቻው በሌላ ቦታ ይቆለፍ። ለያዡ ምቹ ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ለሕፃን እጅም ምቹ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።