የኤላው ባለቤትና የጠጪው ዱካ

ከተልተሌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጉዞ ዱብሉቅ የደረሰ መንገደኛ፣ ቱላ ከሚባለው ጥልቅ የቦረና የውኃ ጉድጓድ (ኤላ) ውስጥ ወጣቶች በእርከን ቆመው፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ ውኃውን በዜማ ሲያወጡ ይሰማል። ኤላው አባ ኮንፊ የሚባል ባለቤት አለው፤ ይሁን እንጂ ከገንዳው የብዙ ሰው ከብት ሲጠጣ ይውላልና፣ ውኃ ከዚያ ስለ ተቀዳ ብቻ የቀዳው አባ ኮንፊ ነው ብሎ የሚፈርድ የቦረና ሽማግሌ አይገኝም።

ዘፈን በኢንተርኔት ያለ ፈቃድ አሠራጭቷል ተብሎ የሚከሰስ ሰው መስመሩ በኢንተርኔት ላይ በሚለይበት ቁጥር፣ በአይፒ አድራሻው ብቻ ይፈረድበት ዘንድ ይገባልን? ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የድምፃዊውና የዜማ ደራሲው ድካም በከንቱ መዘረፉ እውነት ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሆነ ብሎ መብት የጣሰውን ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቅጣቱ ይህን ያህል ከከበደ ማስረጃው ርቱዕ ሊሆን ይገባል።

በአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በዚህ ቁጥር እያፈላለጉ ከሰሱ። በ2008 እ.ኤ.አ. ግን የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አንዳች ፋይል ማውረድ የማይችሉ የማተሚያ መሣሪያዎች የቅጂ መብት ጥሰዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ሊደርሳቸው እንደሚችል በሙከራ አሳዩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ብዙ ነዋሪና ጎብኝ በሚገለገልበት መጦሪያ ቤት ስለ ወረደ ፊልም ሲፈርድ፣ የመስመሩ ተመዝጋቢ መሆን ብቻውን ለክስ እንደማይበቃ በየነ።

በእኛ አገር ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። የቀድሞው የአይፒ ሥርዓት አድራሻዎች በጠቅላላው 4,294,967,296 ብቻ ስለሆኑ፣ የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ ያካፍላሉ፤ ለማን እንደ ነበረ ለመለየትም የወደቡ (ፖርት) ቁጥርና የሰከንዱ መዝገብ ያስፈልጋል። ሲም ካርዱ በአባት ስም ተመዝግቦ ልጅ ይይዘዋል፤ ልጁም ሆትስፖት ከፍቶ ለጎረቤቱ ያጋራዋል። ሰዓቱም ራሱ ወጥመድ ነው፦ መዝገቡ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 17 ሰዓት ሲል እኛ ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነውና፣ ይህን ሳያስተውል የሚቆጥር መርማሪ አድራሻው ለሌላ ሰው ከተላለፈ በኋላ ያለውን ንጹሕ ሰው ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪው የኮምፒዩተር ግንኙነት መዝገቡን (ትራፊክ ዳታውን) ለ1 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊውን ፍሬ ነገር ካስረዳ በኋላም፣ ፍርድ ቤቱ ሲያምንበት የማስረዳቱን ሸክም ወደ ተከሳሹ እንዲያዞር ይፈቅዳል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ወደ ዘፈን ክስ ከተሻገረ፣ የተልተሌ አርብቶ አደር ያልቀዳውን ውኃ አልቀዳሁም ብሎ ሊያስረዳ ነው፤ እኔ ይህን ፍትሕ ብዬ አልጠራውም።

ስለዚህ ዳኞቻችንን እማጸናለሁ፦ ዐቃቤ ሕግ ቁጥሩን ብቻ ይዞ በችሎት ሲቆም፣ መሣሪያው የት አለ፣ ዘፈኑስ በውስጡ ተገኝቷልን፣ በዚያች ሰከንድ በእጁ የያዘውስ ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁልን።