የአእምሮ ሐኪም በሐኪሞች ዘንድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. የአሜሪካ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች አስተዳዳሪ የሆኑ ሐኪሞች የማኅበራቸውን ሃምሳኛ ዓመት በፊላዴልፊያ ከተማ ሲያከብሩ፣ ንግግር እንዲያደርግላቸው የጋበዙት ስመ ጥሩው የነርቭ ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል በውዳሴ ፈንታ ብርቱ ተግሣጽ አሰማቸው፤ ከሌሎች ሐኪሞች ተለይተው በአጥራቸው ውስጥ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ ሕሙማኑንም ከማኖር አልፈው ደዌውን እንደማይመረምሩ ፊት ለፊት ነገራቸው። በዚያ ዘመን ዘለፋው አብዛኛው እውነት ነበረ። የሚያሳዝነው ግን፣ መድኃኒቱም ምርምሩም ከበዛ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ፍርድ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ እስከ ዛሬ መዝለቁ ነው።

ጎበዝ ተማሪ የአእምሮ ሕክምናን ለሙያው ሲመርጥ፣ «ይህን ሁሉ የተማርከው ለዚህ ነው?» የሚሉት ዘመዶቹ ብቻ ሳይሆኑ የገዛ ባልደረቦቹም ናቸው። ምክንያታቸው፣ ቀዶ ሐኪም ያወጣውን ዕጢ በእጁ ይዞ ሲያሳይ፣ የአእምሮ ሐኪም ራጅ ሳያስነሣ በጭውውት ብቻ ደዌ ይሰይማል የሚል ነው። ድባቴን ወይም ስኪዞፍሬንያን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ አለመገኘቱ እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ማይግሬንም የሚታወቀው ሕመምተኛውን በጥንቃቄ በመጠየቅ ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት የነርቭ ሐኪምን የናቀ የለም።

የንቀቱን ሥር የሚገልጥ አንድ ታሪክ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአእምሮ ሆስፒታሎችን ካጣበቡት ደዌዎች አንዱ፣ በጎልማሳነቱ ያለውን ሰው ይይዝና መጀመሪያ ንጉሥ ነኝ፣ ባለጸጋ ነኝ ያሰኘዋል፤ ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ በጥቂት ዓመታትም ሽባ አድርጎ ይገድለዋል። በ1913 ኖጉቺና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ደዌ የሞቱትን ሰዎች አንጎል መርምረው የቂጥኝን ተሐዋሲ አገኙበት። በ1917 የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ዩልየስ ቫግነር ያውሬግ፣ ብርቱ ትኩሳት አንዳንዱን ሕመምተኛ እንደሚያሽል ለብዙ ዘመን ሲያስተውል ኖሮ፣ ወባ ያለበት ደም ለዘጠኝ ሕሙማን ወጋ፤ ወባውን ኋላ በኪኒን አቆመው፤ ስለዚህም ሥራው በ1927 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፔኒሲሊን በመጣ ጊዜ ግን ደዌው ከአእምሮ ሆስፒታል ወጥቶ የሌሎች ሐኪሞች ድርሻ ሆነ፤ የሚጥል በሽታም እንዲሁ ወደ ነርቭ ሐኪም ሄደ። ምክንያቱ የተገለጠው ደዌ ለሌላው ክፍል እየተሰጠ፣ የተሰወረው ብቻ ለአእምሮ ሐኪም ከቀረለት በኋላ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሙያው ነውር የለበትም ማለቴ አይደለም። ፖርቱጋላዊው የነርቭ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ በ1949 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት የአንጎል ቀዶ ሕክምና፣ በብዙ የአእምሮ ሐኪሞች ፈቃድ በብዙ ሺህ ሕሙማን ላይ ተፈጽሞ፣ የብዙዎቹን ስሜትና ጠባይ አፍዝዞ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ንቀቱ ከሐኪሙ አልፎ በሕመምተኛው ላይ ማረፉ ነው። በውስጥ ደዌ ክፍል የተኙ አንዲት አሮጊት ሌሊት ግሉኮሱን ነቅለው ሲጮኹ፣ ቀድሞ የአእምሮ መድኃኒት ይወስዱ እንደነበር ካርዳቸው ላይ ከተነበበ፣ «የአእምሮ ሐኪም ይጠራ» ተብሎ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የተጠራው ሐኪም እጃቸውን ሲይዝ ትኩሳታቸውን ያገኛል፤ ያሉበትን ቦታ ቢጠይቃቸው አንድ ጊዜ ሲያውቁ አንድ ጊዜ ሲስቱ ያያል፤ ሽንታቸው ሲመረመርም ሕመማቸው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሐኪም ያልደረሰላቸው ስንቶች ናቸው! ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ አብዛኞቹንም የሚገድላቸው ሊታከም የሚችል የሥጋ ደዌ ነው።

በአገራችን የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስም በሰፈር ልጆች አፍ ስድብ ሆኖ መኖሩን የማያውቅ የለም፤ ሐኪሞቻችንም ያደጉት በዚያው ሰፈር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2003 ድረስ በዚህ ሙያ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሻ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሥልጠናውን በአገር ውስጥ ጀመረ። መምህራኑ ከተገኙ ዘንድ፣ ንቀቱ እንዲቀር የሕክምና ተማሪ የአእምሮ ሕሙማንን በተመላላሽ ክፍልና በጤና ጣቢያም ሊያያቸው ይገባል፤ በአልጋ ክፍል የሚያገኛቸው ሕመሙ እጅግ የበረታባቸውን ብቻ ነውና፤ መድኃኒቷን እየወሰደች በክፍሏ የምታስተምረውን መምህርት በዚያ አያገኛትም።