ኮዮቴ፣ ጠመንጃና የገጠር ደጅ

ኮዮቴ የሰሜን አሜሪካ አውሬ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር በግ ከሚነጥቀው ቀበሮ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 20 ኪሎ ግራም ነው። ከ200 ዓመት በፊት መኖሪያው በዋናነት የአህጉሩ ምዕራብና መካከለኛው ሜዳ ነበር። ሰፋሪዎች ተኩላውን ሲያጠፉትና ደኑን ሲመነጥሩት ግን የሚያባርረው ጠፋ፣ የሚበላውም በዛለት። አይጥና ጥንቸል፣ የወደቀ ፍሬ፣ የቆሻሻ ትራፊ፣ ዶሮና ግልገል ሁሉም ምግቡ ነው። ዛሬ ከሃዋይ በስተቀር በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ይኖራል። ከከተማ ወጣ ብሎ ጥቂት በግና ዶሮ የሚያረባ ሰው ማታ ማታ ጩኸቱን ይሰማል፤ አንድ ቀን ጠዋትም መንጋውን ሲቆጥር ይጎድለዋል። የትኛው ጠመንጃ ይሻላል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄው የግለሰብ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣው ሕግ ከብት የሚጨርሱ አውሬዎችን መቆጣጠር የፌዴራል መንግሥት ሥራ ሆነ። ለ40 ዓመታት ያህል መርዝ፣ ወጥመድና ጠመንጃ ጎን ለጎን ሠሩ። መርዙ ንስርንና ውሻን ጭምር በመግደሉ ተቃውሞው በረታ፤ በ1972 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በፌዴራል መሬት ላይ አዳኝ አውሬን መመረዝ የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ። ወጥመድና ጠመንጃ ግን ቀጠሉ። በግብርና ሚኒስቴር ሥር ያለው የዱር እንስሳት አገልግሎት በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ50,000 በላይ ኮዮቴ ገድሏል። የግል አዳኞችና ባለመሬቶች የሚገድሉት በዚህ ላይ ይደመራል።

ይህ ሁሉ ተገድሎም ኮዮቴ አልጠፋም። ጋይ ኮኖሊና ዊልያም ሎንግኸርስት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1975 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ኮዮቴን ለማጥፋት በየዓመቱ ከመቶው 75ቱን መግደል፣ ያንንም ለ50 ዓመታት ያህል ሳያቋርጡ መቀጠል ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሲሳሳ የተረፉት በቂ ምግብ ያገኛሉ፤ ባዶ የቀረውንም ቦታ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ወጣቶች ይይዙታል። በ1990ዎቹ በዚያው ግዛት በሆፕላንድ የምርምር ጣቢያ የተደረገው ጥናት ደግሞ በጎቹን በብዛት የሚገድሉት አካባቢውን የያዙ ወላጅ ጥንዶች መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ ያገኙትን ሁሉ መተኮስ ብዙ ጊዜ በግ ነክሶ የማያውቀውን ይገድላል፤ ጥፋተኛው ይቀራል። በግ የማይነካ ጥንድ ሲገደል ደግሞ ቦታውን በግ የለመደ ሊተካው ይችላል።

ጥፋተኛውን መለየት ከሬሳው ይጀምራል። ኮዮቴ በግን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከመንጋጋ በታች ጉሮሮውን ነክሶ በማነቅ ነው። የአንገቱ ቆዳ ተገፎ ሲታይ የጥርሶቹ ቀዳዳ፣ በዙሪያውም የረጋ ደም ይገኛል፤ ደሙ ከቆዳ ሥር መርጋቱ በጉ በሕይወት ሳለ መነከሱን ይመሰክራል። ውሻ ከሆነ ግን ታፋውንና ጎኑን፣ ጆሮውን ሳይቀር ይቦጫጭቃል፤ ብዙ በግ አቁስሎ አንዱንም ሳይበላ የሚሄድበት ጊዜ አለ። በንክሻው ዙሪያ ምንም የረጋ ደም ከሌለ በጉ የሞተው በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ኮዮቴው የደረሰው ለጥንቡ ነው። ይህን ሳያጣሩ ጠመንጃ ማንሣት ምንም ያላጠፋ አውሬ ወደ መግደል ያደርሳል።

ከመሣሪያዎቹ መካከል በገጠር ቤት በብዛት የሚገኘው ባለ 22 ካሊበር ሎንግ ራይፍል ነው። ርካሽ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ለጥንቸልም ይመቻል፤ ለኮዮቴ ግን አቅም ያንሰዋል። 2.6 ግራም የሚመዝነው አረሩ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 370 ሜትር ገደማ እየተወነጨፈ ነው። ከቅርብ ርቀት ትክክለኛውን ቦታ ካላገኘ አውሬው ቆስሎ ያመልጥና ጫካ ገብቶ እየተሠቃየ ይሞታል። በ1959 የወጣው 22 ማግነም እስከ 100 ሜትር ገደማ የተሻለ ነው። የኮዮቴ አዳኞች አዘውትረው የሚይዙት ግን 223 ሬሚንግተንን ነው። የአረሩ ውፍረት ከ22ቱ ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፣ 5.7 ሚሊ ሜትር፤ የሚለየው ቀለሁ ውስጥ ያለው የባሩድ መጠን ነው። 3.6 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ ወደ 980 ሜትር ስለሚወነጨፍ 200 ሜትር ላይ የቆመን ኮዮቴ በቦታው ይጥላል። 243 ዊንቸስተር ከዚህም ይበረታል፣ ለአጋዘንም ይበቃል፤ ቤት ለቤት በተጠጋበት ሠፈር ግን ጉልበቱ ትርፍ ነው።

12 ጌጅ ሾትገን በአንድ ተኩስ ብዙ አረር ይበትናል። ቁጥር 4 ባክሾት በሚባለው ጥይት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 27 ፍሬዎች አሉ፤ የእያንዳንዳቸው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 35 ወይም 40 ሜትር ድረስ አስተማማኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬዎቹ ስለሚበታተኑ ያቆስላሉ እንጂ አይገድሉም። ጉድለቱ ይህ ርቀት ነው፤ ጥቅሙም ከዚሁ ይመነጫል፣ ፍሬዎቹ ጥቂት መቶ ሜትር ሄደው ይወድቃሉና። የ22ቱ ትንሽ አረር እንኳ እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል።

ምርጫውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ከአውሬው ጀርባ ያለው ነገር ነው። ጎህ ሲቀድ ኮዮቴው ከዶሮ ቤቱ 60 ሜትር ርቆ በመስኩ ጫፍ ቆሟል እንበል። ከጀርባው የአፈር ጉብታ ካለ፣ አረሩ ቢስተው ወይም በስቶት ቢያልፍ አፈር ውስጥ ይቀራል። ከጀርባው ሰማይ ብቻ ከሆነ ወይም በዛፎቹ መካከል የጎረቤት መብራት ከታየ ግን፣ ለዚያ ተኩስ ትክክለኛ የሚባል ጠመንጃ የለም። ከፍ ካለ ቦታ ወደ ታች መተኮስ የሚመከረው አረሩን መሬት እንዲውጠው ነው። ሲመታ የሚፈረካከስ ፈጣን አረርም ከድንጋይ ላይ ነጥሮ የመሄድ ዕድሉ ያነሰ ነው። ሌሊት በባትሪ ብርሃን የሚታየው የዓይን ብልጭታ ብቻ ከሆነ አውሬው ምን እንደሆነም፣ ከጀርባው ምን እንዳለም አይታወቅም።

ሕጉም ከዚሁ ስጋት የተነሣ ነው። ያለ ነዋሪው ፈቃድ ካሊፎርኒያ ከመኖሪያ ቤት በ150 ያርድ (137 ሜትር)፣ ኒው ዮርክ በ500 ጫማ (152 ሜትር) ክልል ውስጥ ለአደን መተኮስን ይከለክላሉ። ቴክሳስ ኮዮቴን ዓመቱን ሙሉ መግደል ትፈቅዳለች፤ ኒው ዮርክ የአደን ወቅት አበጅታለታለች። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች፤ የእርሳስ ስብርባሪ ያለበትን ሬሳ የሚበሉ ኮንዶርና ንስር ይመረዛሉና። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ አዳኞች ኮዮቴ እየመሰላቸው እጅግ ጥቂት የቀሩትን ቀይ ተኩላዎች በመግደላቸው፣ በ2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት በ5 አውራጃዎች የኮዮቴ አደንን ገደበ።

ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። በግ አርቢው ኪሣራውን ራሱ ስለሚሸከም ጠመንጃው እንዳይነጠቅበት ይሟገታል፤ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ደግሞ ግድያው ከንቱ ነው ይላሉ። በ2014 ካሊፎርኒያ ሽልማት ያለውን የኮዮቴ ግድያ ውድድር ከለከለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። ኮዮቴ በሰው ላይ የሚያደርሰው አደጋ ጥቂት ነው፤ በኮዮቴ ጥቃት መሞታቸው በሰነድ የተረጋገጠው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዷ በ1981 በካሊፎርኒያ፣ ሌላዋ በ2009 በካናዳ። በጎቹን ከመጠበቅ አንጻር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሏቸው ነገሮች አሉ፦ መንጋውን ሌሊት በረት ማስገባት፣ የሞተ ከብትን መቅበር፣ የኤሌክትሪክ አጥር መሥራት፣ እንደ ግሬት ፒሬኒስ ያለ መንጋ ጠባቂ ውሻ ማሰማራት። ጠመንጃው የሚያስፈልገው ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ያም ሆኖ ተመልሶ ለመጣው ለዚያ ለአንዱ ኮዮቴ ነው።