«የድሬ ልጅ» ማን ነው? በድሬዳዋ ነባሩና አዲስ መጤው የሚለዩበት መንገድ

ድሬዳዋ ውስጥ አንድን ሰው «የድሬ ልጅ ነው» ማለት የትውልድ ቦታውን ከመግለጽ ያለፈ ትርጉም አለው። አባባሉ ምስክርነትም መለያም ነው፤ ሰውዬው ከየትኛውም ብሔረሰብ ቢወለድ የከተማዋን አነጋገር፣ ሰዓትና መንገድ ያውቃል፣ ከነባሮቹም ይቆጠራል እንደ ማለት ነው። በከተማዋ 20 ዓመት የነገደ ሰው ይህን ስም ላያገኝ ይችላል፤ እዚያው አድጎ በወጣትነቱ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሄደ ግን ዕድሜውን በሙሉ ይጠራበታል። እንግዲህ ነባሩን ከአዲስ መጤው የሚለየው የቆይታ ዘመን ብቻ አይደለም። የሚለየው ምን እንደሆነ መመርመር ከቋንቋና ከባህል ጥናት ባሻገር ለከተማ አስተዳደር፣ በተለይም ለአደጋ መከላከል፣ ያለው ፋይዳ ቀላል አይሆንም።

ጥያቄውን የሚያወሳስበው የከተማዋ ዕድሜ ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ ነው። መሥመሩ ወደ ሐረር እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ግን አልፈቀደም፤ ስለዚህ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፣ አዲሱም ጣቢያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በመክሰሩና መንግሥታት በመወዛገባቸው ሥራው ስለ ተጓተተ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድሬዳዋ የባቡሩ መጨረሻ፣ የቅፍለቱ ደግሞ መነሻ ሆና ቆየች። የፈረንሳይ መሐንዲሶች፣ የግሪክና የአርመን ባለሱቆች፣ የህንድና የየመን ነጋዴዎች፣ ሐረሪዎች፣ አማሮች፣ ጉራጌዎች፣ ኦሮሞዎችና ሶማሌዎች በአንድነት ሰፈሩባት። የመጀመሪያው የከተማ ነዋሪ ትውልድ ከሞላ ጎደል መጤ ነበር።

ይህ ሲባል ግን ቦታው ሰው አልባ ነበር ማለት አይደለም። ከከተማዋ በስተደቡብ በሚገኘውና በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለሳይንስ በታወቀው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች የሰው ልጅ በአካባቢው ከአሥር ሺሕ ዓመታት በፊት ጀምሮ ይኖር እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ባቡሩ ሲመጣም ሜዳው የጉርጉራ ኦሮሞዎችና የኢሳ ሶማሌዎች ግጦሽና የውኃ መውረጃ ነበር። የከተማዋን ስም ኦሮሞውም ሶማሌውም ከየራሱ ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ ክርክሩም አልተቋጨም። እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በየማለዳው አትክልትና ወተት ይዛ ወደ ቀፊራ ገበያ የምትወርደው የገጠር ሴት የዘር ሐረግ ከከተማዋ ይረዝማል፤ ሆኖም የከተማው ሰው «የድሬ ልጅ» አይላትም። ቅድመ አያቱ ከየመን በጀልባ የመጣውን ጎረቤቱን ግን ይለዋል። ነባርነት በድሬዳዋ ከአፈሩ ሳይሆን ከመንደሩ የሚገኝ ነገር ነው።

ኖርበርት ኤሊያስና ጆን ስኮትሰን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ አገር ከሌስተር ከተማ አጠገብ ያለች አንዲት የሠራተኞች መንደር መርምረው ነበር። በዚያች መንደር ነባሮቹና አዲሶቹ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በሥራና በገቢ አይለያዩም ነበር፤ የሚለያዩት በመጡበት ጊዜ ብቻ ነው። ቢሆንም ነባሮቹ አዲሶቹን ዝቅ አድርገው ያዩ ነበር። አጥኚዎቹ እንዳስረዱት የነባሮቹ ኃይል የመነጨው ከመተዋወቃቸው ነው፤ እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ ሐሜቱም ምስጋናውም፣ የማኅበር ወንበሩም በእነርሱ እጅ ነበር። የድሬዳዋ ሁኔታ ይህን ሐሳብ በከፊል ያጸናዋል፣ በከፊል ደግሞ ይገለብጠዋል። እዚህም የነባሩ ጉልበት መተዋወቅ ነው። ነገር ግን የእንግሊዟ መንደር ነባሮች አንድ ዓይነት ሰዎች ሲሆኑ የድሬዳዋ ነባሮች በቋንቋም በሃይማኖትም ልዩ ልዩ ናቸው፤ ከሩቅ ለሚያይ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አይታይም። ስለዚህ አንድነታቸውን የሠራው ምን እንደሆነ መፈለግ ግድ ይላል።

በመጀመሪያ የሚሰማው ቋንቋው ነው። ቀፊራ ውስጥ አንዲት ነጋዴ ደንበኛዋን በኦሮምኛ ሰላም ብላ፣ ዋጋውን በሶማሊኛ ተከራክራ፣ መልሱን በአማርኛ ቆጥራ ስትሰጥ ማየት የዘወትር ነገር ነው። አዲስ መጤውም ከጊዜ በኋላ ሦስቱን ቋንቋዎች ሊማር ይችላል፤ የማይማረው መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚሸጋገር ነው። ነባሩ ቋንቋ የሚቀይረው ቃል ስላጠረው አይደለም። በሶማሊኛ መከራከር ቀልድ ይፈቅዳል፤ በአማርኛ መቁጠር ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ይህ ልክ በመማሪያ መጽሐፍ አይገኝም፤ ገና ልጅ ሳሉ በጎረቤት በር ላይ ሲላላኩ የሚያዝ ነው። ከሶማሌ ቤተሰብ አጠገብ ያደገ የአማራ ወይም የጉራጌ ልጅ የጎረቤቱን አባወራ «አደር»፣ እኅታቸውን «ኤዶ» እያለ ይጠራል፤ ቃላቱ አጎትና አክስት ማለት መሆናቸውን የሚያውቀው ከጠራ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

በአማርኛውም ውስጥ ቢሆን ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። «አቦ» እና «ወላሂ» በየንግግሩ ጣልቃ ይገባሉ፤ የመጀመሪያውን ኦሮምኛው ይጋራዋል፣ ሁለተኛው ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይጠቀምባቸዋል። ከሁሉ ይልቅ አዲስ መጤውን የሚያደናግረው ግን የ«አንተ» ጉዳይ ነው። በደጋው ከተሞች ታላቅን «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ማለት የአስተዳደግ ማረጋገጫ ሲሆን በሐረርና በድሬዳዋ ነባር አነጋገር ወጣቱ ሽማግሌውን «አንተ» ቢለው ነውር የለበትም፤ ቅርበት ነው። ከጎንደር ወይም ከደሴ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ተላላኪው «አንተ» ሲለው የተናቀ ይመስለዋል። በተቃራኒው ደግሞ እርሱ ጎረቤቱን «እርስዎ» ሲል ጎረቤትየው ይህ ሰው ሊቀርበኝ አልፈለገም ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም አክብሮት እያሳዩ ሁለቱም ቅር ይሰኛሉ። በመጤውና በነባሩ መካከል ከሚፈጠሩት አለመግባባቶች ውስጥ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ እንጂ በጥላቻ የተነሡ አይመስሉም።

የሰዓት አጠቃቀም ሌላው መለያ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ቀትሩ ያቃጥላል። ነባሩ ጉዳዩን በማለዳ ጨርሶ በቀትር ይገባል፣ ሽርጡን ታጥቆ ያርፋል፣ ከዚያም የጫቱ በርጫ ይከተላል፤ ከተማዋ እንደገና የምትነቃው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ከደጋ የመጣው ሰው በስምንት ሰዓት በር አንኳክቶ መልስ ሲያጣ ስንፍና ነው ይላል። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ በጋ ያሳለፈ ሁሉ ይማረዋል።

የቦታ ዕውቀት ግን እንዲህ በአንድ በጋ አይገኝም። የጥንቷ ድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ናት። በአንድ በኩል የባቡር ኩባንያው በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ የቀየሳት ከዚራ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ገበያው፣ መስጊዱና ጠባብ መተላለፊያው የበዛበት መጋላ ይገኛሉ። ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ናቸው፤ «መጋላ» በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማንና ገበያን ያመለክታል፣ «ገንደ» ብለው የሚጀምሩት ሰፈሮች የኦሮምኛውን መንደር ይዘዋል፣ «ለገሀሬ» የፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ነው፣ የሐዲዱን ድርጅት ደግሞ አሮጌዎቹ ሠራተኞች እስከ ዛሬ «ሽመንደፈር» ይሉታል። ነባሩ ባጃጅ ሲሳፈር የቀበሌ ቁጥር አይጠራም፤ ሰፈሩን በስሙ፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመት በፊት በፈረሰ ሕንፃ ስም ይናገራል። አሽከርካሪው ከገባው ሁለቱም የድሬ ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ ስሞች ሁሉ አንዱን በትክክል መረዳት የሕይወት ጉዳይ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የለውም። ሰው በአሸዋው ላይ ይሻገራል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመልና አህያ ያልፍበታል። ለአዲስ መጤው ሰፊ ባዶ ሜዳ ነው፤ ዳርቻውም ርካሽ የመኖሪያ ቦታ። ነባሩ ግን ወንዝ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚህም በላይ ጎርፉ በከተማዋ ከሚዘንበው ዝናብ ጋር እንደማይያያዝ ያውቃል። ውኃው የሚመጣው ከደንገጎና ከአካባቢው ከፍታዎች ነው፤ በከተማዋ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ እየታየ በደጋው የጣለው ዝናብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወርዶ አሸዋውን ይሞላዋል። ስለዚህ በክረምት ማታ ነባሩ የሚያየው ከራሱ በላይ ያለውን ደመና ሳይሆን በስተደቡብ በተራሮቹ ላይ የሚያብረቀርቀውን መብረቅ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ድንጋይ እያንከባለለ የሚመጣውን ድምፅ ያዳምጣል።

በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ወደ 10,000 የሚጠጉትንም ከቤት ንብረታቸው አፈናቀለ። ይህን ጥፋት ለመጤዎች አለማወቅ ብቻ መስጠት ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ጎርፉ ሰው በተኛበት ሰዓት መጣ፤ በወንዙ ዳር የኖሩትም ብዙዎቹ ሌላ ቦታ መግዛት ወይም መከራየት ያልቻሉ ነበሩ፤ ወንዙን ጠንቅቆ ማወቅ ኪራይ አይከፍልም። ይሁንና ዕውቀቱ ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። ከጎርፉ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ውኃውን ሲገታ ትዝታውንም አብሮ ይጋርዳል፤ ዛሬ ከግንቡ አጠገብ ቤት የሚከራይ ሰው ግንቡ ለምን እንደ ቆመ የሚነግረው ጎረቤት ያስፈልገዋል። ማስጠንቀቂያ ሲነገርም በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኞቹ የሰፈር ስሞች እንደሚነገር መታሰብ አለበት፤ ነባሩ የሚያውቃቸውን ስሞች ብቻ የያዘ ማስጠንቀቂያ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ጋ አይደርስም።

የመንግሥት መዝገብ ይህን ሁሉ አያይም፤ ሊያይም አልተዘጋጀም። በሕዝብ ቆጠራ መሠረት በ1987 ዓ.ም. 164,851 የነበረው የከተማው ነዋሪ በ1999 ዓ.ም. 233,224 ደርሷል፤ ይህ ዕድገት ከወሊድም ከፍልሰትም የመጣ ነው። ድሬዳዋ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ለፌዴራሉ መንግሥት ተጠሪ የሆነች አስተዳደር ስትሆን የፖለቲካ ሥልጣኑ በተግባር 40 እጅ ለኦሮሞ፣ 40 እጅ ለሶማሌ፣ 20 እጅ ለሌሎች ሲከፋፈል ቆይቷል። የምርጫ ሕጉ ደግሞ ለመራጭነት የሚጠይቀው የ6 ወር ነዋሪነትን ነው። የመጀመሪያው መለኪያ ብሔርን፣ ሁለተኛው ጊዜን ይቆጥራል። «የድሬ ልጅ» የሚለው ስም ግን በሁለቱም አይለካም። ከኦሮሞ እናትና ከየመናዊ አባት የተወለደ፣ በአማርኛ የተማረ፣ በሶማሊኛ የሚነግድ ሰው በመንደሩ ሙሉ ነባር ነው፤ በክፍፍሉ ውስጥ ግን በየትኛው እጅ እንደሚቆጠር በቀላሉ አይታወቅም። ነባሮቹ በክፍፍሉ ላይ የሚያሰሙት ቅሬታ ከዚህ የመነጨ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። «ድሬ የፍቅር ከተማ ናት» የሚለው የነባሮች ንግግር እውነትነት ቢኖረውም በሩን መዝጊያም ሊሆን ይችላል፤ ፍቅሩን የምናውቀው እኛ ነን ማለት እናንተ አታውቁትም ማለት ነውና። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ተፈናቅለው በከተማዋ የተጠለሉት ሰዎች ወደው የመጡ አልነበሩም፤ የከተማዋን አነጋገር ለመልመድም ፋታ አላገኙም።

መጤውን ነባር ያደርጉ የነበሩት ተቋማት ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፤ የባቡሩ ጥገና ወርክሾፕ፣ ገበያውና ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት ግቢ። ወርክሾፑ የልዩ ልዩ ብሔረሰብ ሠራተኞችን በአንድ ፉጨት ያስገባና ያስወጣ ነበር፤ የፈረንሳይኛ የመሣሪያ ስሞችም የሁሉም የጋራ ቋንቋ ሆኑ። በግቢው ውስጥ ደግሞ የውኃው ቧንቧ አንድ ስለ ነበር ልጆች ከየቤቱ ይበሉ፣ ከየቤቱ ይገሠጹ ነበር። በድሬዳዋ አድጎ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛ ያዜመው ዓሊ ቢራ የዚያ አስተዳደግ የታወቀው ምሳሌ ነው። ገበያው ዛሬም በሥራው ላይ ነው። አሮጌው ባቡር ግን በአብዛኛው ቆሟል፤ ግቢዎቹም ለኮንዶሚኒየምና በየብቻ ለታጠሩ ቤቶች ቦታ እየለቀቁ ነው። የመጤው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ከወላጆቹ ቀድሞ «አቦ» ማለት ይጀምራል፤ እናቱ ግን ጎረቤቷን የምታገኘው ደረጃ ላይ ስትተላለፍ ነው።

በድሮው ባቡር የመጣ መንገደኛ በከዚራ ጣቢያ ወርዶ ደቻቱን በእግሩ ተሻግሮ መጋላ ይገባ ነበር፤ ሻንጣውን የተሸከመለት ልጅ በመንገድ ላይ የሰፈሮቹን ስም ይነግረዋል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ተሠርቷል፤ ዛሬ ከዚያ የሚወርደው መንገደኛ መኪና ተከራይቶ በአስፋልቱ በቀጥታ ወደሚያርፍበት ቤት ይሄዳል፣ ወንዙንም በድልድይ ያልፈዋል።