ሌባው ተቀርጿል፣ ፊቱ ግን የለም

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን በጠዋት አስጠሩኝ። ሌሊት በራቸው ላይ የቆመችው መኪና ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ ተነቅለዋል። «ግድ የለም ልጄ፣ ካሜራው አለ» አሉኝ እትዬ። ልጃቸው ከሜሪላንድ ሆኖ ቤቱን በስልኩ የሚጠብቅበት ካሜራ ነው፤ አራት ቦታ ተተክሏል፣ እያንዳንዱ 8 ሜጋፒክስል። ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን መቅረጫ ከፍተን ወደ ኋላ መለስነው። ሰውየው መጣ። የግንቡ ስንጥቅ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሰውየው ፊት ግን አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የተለጣጠፈ ግራጫ ነገር ነው። ሲቆም ትንሽ ይጠራል፣ ሲራመድ መልሶ ይቀልጣል።

እትዬ ካሜራው የተበላሸ መሰላቸው። አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ ያጋጥመኛል። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ካሜራ ያስተክላል፣ ተማምኖ ይተኛል፣ የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣ የተቀረጸው ምንም አይናገርም። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ከዕቃው ሳይሆን ስለ ዕቃው ከምናምነው ነገር ነው።

ትልቁ እምነት «ሜጋፒክስሉ ከበዛ ፊት ይለያል» የሚለው ነው። ሜጋፒክስል ካሜራው የሚያየውን እንጂ የሚያስቀምጠውን አይነግረንም። አንድ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲያነሳ፣ ምንም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ ወደ 5 ጊጋቢት ይሆናል። 1 ቴራባይት ዲስክ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ያልቃል ማለት ነው። ስለዚህ መጭመቅ ግዴታ ነው፤ «ኮምፕሬሽን ጥራት ያበላሻልና አጥፋልኝ» የሚሉኝ ሰዎችም ሊጠፋ የማይችል ነገር ነው የሚጠይቁኝ። ጥያቄው ምን ያህል ተጨመቀ፣ ሲጨመቅስ ምን ወደቀ የሚለው ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። መጭመቂያው በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጣል። በመሃል ላሉት ፍሬሞች ከቀደመው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ግንቡ አይንቀሳቀስምና አንዴ በደንብ ከተቀመጠ በኋላ ወጪ የለውም፤ ለዚህ ነው ስንጥቁ ቁልጭ ያለው። የሚንቀሳቀሰው ሰው ግን በየፍሬሙ ለውጡ መጻፍ አለበት። በዚያ ላይ ምስሉ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፍሎ፣ የእያንዳንዱ ረቂቅ ዝርዝር እንደ ወንፊት ባለ ነገር ያልፋል። የተሰጠው ቦታ ሲጠብ የወንፊቱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ የሚፈሰውም ይበዛል። መጀመሪያ የሚፈሰው ደቃቁ ነው፤ የዓይን ቅርጽ፣ የአፍንጫ ጥላ፣ የታርጋ ቁጥር።

የእትዬን መቅረጫ ቅንብር ከፍቼ ሳየው ቢትሬቱ፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ምስል የተፈቀደው መጠን፣ 2 ሜጋቢት ላይ ተቆልፏል። ለ25 ፍሬም ሲካፈል ለአንዱ በአማካይ 10 ኪሎባይት ይደርሰዋል። በስልካችን የምናነሳው የዚሁ መጠን ፎቶ ሁለትና ሦስት ሜጋባይት የሚፈጅ መሆኑን አስቡ። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብርሃን ሲያንስ የካሜራው ሴንሰር የሚርመሰመሱ ነጥቦች ይፈጥራል፤ መጭመቂያው እነሱንም እንቅስቃሴ ብሎ ይቆጥራቸውና ያችው 10 ኪሎባይት ለጨለማው ጭምር ትከፋፈላለች። ዝናብ ሲጥል፣ ሌንሱ ላይ ሸረሪት ስታደራም እንደዚሁ ነው። ሌባው በሚመጣበት ሰዓት ምስሉ ከሁሉ የከፋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የተረሳ ነገር ስፋት ነው። ኢኤን 62676-4 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2015 እትሙ፣ የማናውቀውን ሰው ማንነት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል፣ የምናውቀውን ሰው «እሱ ነው» ለማለት 125 ፒክስል ያስፈልጋል ይላል። የ8 ሜጋፒክስል ምስል ወርድ 3840 ፒክስል ነው። ለ250 ሲካፈል 15 ሜትር ይሆናል። የእትዬ የበር ካሜራ ግን ከበሩ እስከ መንገዱ ማዶ፣ እስከ ሱቁ ድረስ፣ 30 ሜትር ያህል ስፋት እንዲያይ ተደርጎ ነው የተተከለው። «ሁሉን ያሳያል» ተብሎ የተመረጠው ቦታ የማናውቀውን ሰው ማንነት የማያሳውቅ ሆኖ ቀረ።

«ኤች.265 ስለሆነ ጥራቱ ከፍተኛ ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤች.265 በ2013 የጸደቁ የመጭመቂያ ስልቶች ናቸው። አዲሱ ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ገደማ ቦታ ማስቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የቁጠባ ስልት ነው። ቢትሬቱን አንቆ የሰቀለ ሰው ግን በኤች.265ም ፊት አያገኝም።

«ችግር የለም፣ ባለሙያ ያጠራዋል» የሚባለው የበለጠ ያሳስበኛል። ጥቂት ብሩህነት ማስተካከል ይቻላል። በወንፊቱ የፈሰሰውን ግን ማንም አይመልሰውም። አሁን በስልክ የሚገኙት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊት የሚያጠሩ አፖች ከብዙ ፊቶች የተማሩትን ገምተው ይሞላሉ እንጂ የጠፋውን አያገኙም። ከግራጫው ጭቃ ውስጥ አንድ የጠራ ፊት ይወጣል፤ ያ ፊት ግን በዚያ ሌሊት የነበረው ሰው ላይሆን ይችላል። የሰፈር ልጅ በእንዲህ ያለ ምስል ተጠርጥሮ ቢያዝ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?

ልጃቸው ደውሎ «ወንድሜ፣ እኔ በስልኬ በየቀኑ አያለሁ፣ ጥሩ ነው እኮ» አለኝ። በስልክ የሚታየውና መቅረጫው ላይ የሚቀመጠው አንድ አይደሉም። ካሜራው ሁለት ጅረት ያወጣል፤ ዋናው ወደ ዲስኩ ይሄዳል፣ ትንሹና ቀለል ያለው በኢንተርኔት ወደ ስልክ ይላካል። ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ሁሉም ያምራል። ሜሪላንድ ያለው ፈጣን መስመርም አያግዘውም፤ ወሳኙ አዲስ አበባ ያለው ቤት ወደ ውጭ የሚልክበት ፍጥነት ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካሜራው አይቀርጽም» የሚለው ፍርሃት ነው። መቅረጫው ቤት ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መስመሩ ሲቋረጥ የሚቋረጠው የሩቁ ሰው እይታ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው መብራት ነው። ብዙ ቤት መብራት ሲጠፋ ዕቃን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ለቴሌቪዥኑ ተሰጥቶ መቅረጫው ባዶውን ይቀመጣል። መብራት በሄደ ቁጥር ቀረጻው ይቆማል፣ ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። መቅረጫውን፣ ካሜራዎቹን የሚመግበውን ስዊችና ራውተሩን አንድ ላይ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ነው።

«ወር ሙሉ ይይዛል ተብለናል» አሉ እትዬ። ስሌቱን እዚያው ወረቀት ላይ ሠራሁላቸው። 2 ሜጋቢት የሚፈጅ ካሜራ ሌት ተቀን ሲቀርጽ በቀን 21.6 ጊጋባይት፤ ለአራቱ 86.4። 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ተኩል ይይዛል፣ ከዚያ በአሮጌው ላይ ይጽፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚጠየቅ ነገር የለም።

ሰዓቱም ሌላ ወጥመድ ነው። የተሰረቀው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ላይ ነበር፤ በመቅረጫው አቆጣጠር 02:10 መሆን አለበት። ስክሪኑ ላይ ግን 07:10 ይላል፤ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ከኛ በ5 ሰዓት በሚቀድመው በቻይና ሰዓት ነበር፣ ማንም አላስተካከለውም። እንዲህ ያለ ቅጂ ለፖሊስ ሲቀርብ ስርቆቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተፈጸመ ይላል። በዚያ ላይ ልጅየው ማስረጃውን በቴሌግራም ላኩልኝ ይላል፤ እንደ ቪዲዮ ሲላክ ቴሌግራም ራሱ ዳግም ይጨምቀዋል። ከመቅረጫው በፍላሽ ይወጣል፣ መላክ ካለበትም እንደ ፋይል ይላካል።

ፓስዎርዱን ስጠይቅ ከዕቃው ጋር የመጣው ነው ተባልኩ። «የኔን ቤት ማን ይፈልገዋል?» የሚለውን እምነት እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል ፕሮግራም አፍርሶታል፤ የፋብሪካ ፓስዎርዶችን እየሞከረ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን ያዘ፣ በጥቅምት ወር በእነሱ አማካይነት ዳይን የተባለውን ድርጅት ሲመታ በእሱ የሚጠቀሙት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ተቋረጡ። የማንንም ቤት ለይቶ አልፈለገም።

እትዬ ጋ ያደረግነው ብዙ አይደለም። የበሩን ካሜራ አጥብቤ በሩንና የመኪናውን ማቆሚያ ብቻ እንዲያይ አደረግሁ። ለበር 25 ፍሬም ትርፍ ነውና ወደ 12 ዝቅ አድርጌ ቢትሬቱን ወደ 6 ሜጋቢት ከፍ አደረግሁ፤ ለአንድ ፍሬም ከ10 ወደ 62 ኪሎባይት ገደማ ሆነ። ዲስኩ በ2 ቴራባይት ተተካ፣ 15 ቀን ይይዛል። ሰዓቱና ፓስዎርዱም ተስተካከሉ። ከበሩ በላይም አንድ አምፖል ሰቀልን።

ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ልጃቸው በስልኩ ዋናውን ጅረት መርጦ ጠበቀ። እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ከማዶ ወደ በሩ ተራመዱ። «እማዬ፣ ቀና በይ እስቲ» አላቸው። ቀና አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ግንባራቸው ላይ ያለችው የመስቀል ንቅሳት ስልኩ ላይ ታየችው።