የፋርጣ በግ የመውለጃ ወር ለምን የላትም?

ባለፈው ስለ ሰውነት ሰዓት የጻፍኩትን አንብባችሁ «እንስሳትስ?» ላላችሁኝ፣ እዚሁ ደጃችን ካለችው ከፋርጣ በግ ልጀምር።

ደብረ ታቦር ገበያ በየትኛውም ወር ብትወጡ ግልገል አታጡም። ሣሩ ሲለመልም እናቶቹ ስለሚጠግቡ የሚያረግዙት ይበዛሉ፤ ያም ሆኖ ጥርም ይወለዳል፣ ሰኔም ይወለዳል። ስኮትላንድ ያለች በግ ግን አውራ የምትቀበለው ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ነው፤ አምስት ወር ያህል አርግዛ ብርዱ ሲያልፍ ትወልዳለች። ወሩን የሚነግራት ብርሃኑ ነው። ኤድንብራ ላይ በታኅሣሥ ቀኑ 7 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በሰኔ ከ17 ሰዓት ያልፋል። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት 1 ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ጉና ተራራ ላይ ውርጩ ቢያንገበግብም ብርሃኑ ያው ነው።

በግ የሌሊቱን ርዝመት የምታውቀው ሲጨልም ከአንጎል በሚመነጨው ሜላቶኒን በተባለው ሆርሞን ነው። ፒቱታሪ በምትባለው ዕጢ ውስጥ ሲመሽ ክራይ1 የተባለው ጂን ይነቃል፣ ሲነጋ ደግሞ ፐር1። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ወቅቱን ያሳውቃል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እኛ ጋ ያ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ወሳኙ መኖው ይሆናል።

እና ሰዓት የላትም ማለት ነው? የለም፤ የዕለቱ ሰዓት እንዳለ ነው። ክሎክና ቢማል1 የተባሉት ጂኖች ፐርንና ክራይን ያነቃሉ፤ የፐርና የክራይ ፕሮቲኖች ሲከማቹ ተመልሰው ያነቋቸውን ያፍናሉ። አንዱ ዙር 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ይህ ዙር ከሴት ሆርሞን ጋር መያያዙን በደንብ ያሳየችው አይጥ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ኤቨሬትና ሶየር የተባሉ ተመራማሪዎች እንቁላል ልትለቅ ለተቃረበች አይጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ማደንዘዣ ሰጧት። መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢለቃትም እንቁላሉ ግን በአንድ ሙሉ ቀን ዘገየ! ምክንያቱም እንቁላል የሚያስለቅቀው ኤልኤች የተባለው ሆርሞን የሚያሻቅበው ኢስትሮጅን ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ከአንጎሉ ሰዓት «አሁን» የሚል ምልክት መምጣት አለበት። ያ ጊዜ ካመለጠ ነገ በዚያው ሰዓት ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ኦቫሪም (የእንቁላል ዕጢው) የራሱ ሰዓት ያለው መሆኑ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2014 በታተመ ጥናት፣ ሆርሞን ከሚያመነጩት የኦቫሪ ሴሎች ቢማል1 የጠፋባቸው አይጦች እንቁላል ይለቃሉ፤ ጽንሱ ግን ማሕፀን ላይ አይጣበቅም፣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ። ከጤነኛ አይጥ ኦቫሪ ሲተከልላቸው አረገዙ።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ እንደ አይጥ በሰዓት የታሰረ አይደለም። ሆኖም የሴቶች ኤልኤች ብዙውን ጊዜ መጨመር የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ ባለው ጊዜ ነው፤ ፈረቃ እየቀያየሩ የሚሠሩ ሴቶች ላይም የወር አበባ መዛባት በዛ ብሎ ታይቷል። ፈረቃው ብቻውን ያመጣዋል ብሎ መደምደም ግን ከባድ ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ጭንቀቱም፣ አመጋገቡም አለበት። እናንት የሌሊት ተረኛ ነርሶች፣ ዑደታችሁ ተዛብቶ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ስለ ፈረቃችሁም ንገሩት። እሱ ራሱ ላይጠይቃችሁ ይችላል።